ብርሃንና አንጎል፤ በብርሃን ቅንጣትና በአንጎል አምሳል ስለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች

ሀ፤ መግቢያ

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የስደተኞች ሰፈር ናት። የተቋቋመችው በ2015 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነዋሪዎቿ በደቡብ ሱዳን በ2013 መጨረሻ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ድንበር ተሻግረው የመጡ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ኑዌርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ አስቀድሞ ያረፉበት ሰፈር በ2014 ክረምት በጎርፍ ስለ ተጥለቀለቀ ወደዚህ የተዛወሩ ናቸው።

ስለ ኳንተም ብርሃንና ስለ አንጎል አምሳል ኮምፒዩተር በሚናገር ጽሑፍ ጀዊን መነሻ ማድረጋችን ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ነገር ግን ጥያቄው የተነሣው ከዚያው ነው። ከሰፈሩ ተማሪዎች አንዱ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ «ይህ ነገር የሚያስበው የት ነው? በእንግሊዝኛ ስናገረው ይሰማኛል፤ በቋንቋዬ ስናገረው ግን አይሰማኝም» ብሎ ጠየቀን። በዚያች ሰዓት የሰጠነው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ይህ ጽሑፍ መልሱን ለማሟላት የተደረገ ሙከራ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር በራቀበት ሰፈር ብርሃን ብዙ ሥራ ይሠራል። የፀሐይ መብራት ቀን የሰበሰበውን ኀይል ማታ መልሶ ይሰጣል። በስልክ የሚላክ ቃል የአየሩን መንገድ ጨርሶ ዋናው መስመር ላይ ሲደርስ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስተዋት ክር ውስጥ ብርሃን ሆኖ ይጓዛል። በኢትዮጵያ ስደተኞች ሲመዘገቡም የጣታቸው አሻራና በዐይናቸው ብሌን ዙሪያ ያለው ቀለበት ምስል ይወሰዳል፤ ይህም የብርሃን ሥራ ነው። በሦስቱም ጉዳይ ብርሃን ኀይል ያመጣል፣ መልእክት ያደርሳል፣ መልክ ያነሣል እንጂ ሒሳብ አይሠራም። ሒሳቡን የሚሠሩት በኤሌክትሪክ የሚነዱ፣ ብዙ ኀይል የሚፈጁ፣ በሩቅ አገር የተተከሉ ኮምፒዩተሮች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ሁለት ነው። ብርሃን ራሱ ሒሳቡን ሊሠራ ይችላልን? ቢችልስ እንደ ጀዊ ላለ ስፍራ ምን ይረባል?

ለ፤ የዛሬው ኮምፒዩተር ኀይሉን የሚያባክነው በምንድን ነው?

ዛሬ የምንሠራባቸው ኮምፒዩተሮች በጠቅላላው የሚከተሉት አንድ ሥርዓት አለ። ሒሳብ የሚሠራው ክፍልና ቁጥሩ የሚቀመጥበት ክፍል ለየብቻ ናቸው። ይህን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ ነጋዴ ሱቁ ጀዊ፣ የሒሳብ መዝገቡ ግን ጋምቤላ ከተማ ነው እንበል። አንድ ኪሎ ስኳር በሸጠ ቍጥር ዋጋውን ለማየት ወደ ጋምቤላ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይደምራል፤ ድምሩንም ለመጻፍ እንደ ገና ይሄዳል። መደመሩ ራሱ የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ጉልበቱና ጊዜው የሚያልቀው በመንገድ ላይ ነው። በኮምፒዩተርም ውስጥ እንዲሁ ነው። ቁጥርን በሽቦ ከማስቀመጫው አምጥቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ከማባዛቱ ከራሱ የበለጠ ኀይል ይወስዳል።

ቀድሞ ይህ ብክነት ብዙ አያሳስብም ነበር፤ ትራንዚስተሮች በየጊዜው እያነሱና ኀይል እየቆጠቡ ስለ ሄዱ ነው። ዛሬ ግን ማነሳቸው ወደ ወሰኑ ቀርቧል፤ ሥራው ደግሞ እጅግ በዝቷል። ንግግር የሚሰሙ፣ ምስል የሚለዩ፣ ጽሑፍ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ መልስ ቢሊዮን ጊዜ ያባዛሉ፣ ቢሊዮን ጊዜም ይደምራሉ።

የሰው አንጎል ይህን ሁሉ የሚያደርገው በሌላ መንገድ ነው። በውስጡ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ የሚፈጀው ኀይል ግን 20 ዋት ያህል ብቻ ነው። ይህ ከአንድ መጠነኛ የመብራት አምፖል አይበልጥም። በአንጎል ውስጥ ጸሓፊውና መዝገቡ አንድ ስፍራ ይኖራሉ። አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ሲናፕስ የሚባለው መገናኛ ትዝታውን ይይዛል፤ የሚመጣውንም ምልክት እንደ ትዝታው ያጠነክራል ወይም ያደክማል። ከዚህም በላይ ሕዋሱ ዘወትር አይናገርም። የሚደርሱት ምልክቶች ተደምረው ከልክ ሲያልፉ ብቻ አንድ አጭር ምት ይሰጣል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታ ኀይል ይቆጥባል።

ሐ፤ በአንጎል አምሳል የተሠሩ መኪናዎች

ይህን የአንጎል ሥርዓት በሲሊኮን ለመምሰል የተነሣው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ካርቨር ሚድ በ1980ዎቹ ዓመታት ትራንዚስተርን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ሳይሆን እንደ ነርቭ ሕዋስ አድርጎ ማሠራት እንደሚቻል አሳየ፤ ለዚህም የጥናት ዘርፍ «ኒውሮሞርፊክ» የሚለውን ስም ሰጠው። ጆን ሆፕፊልድ በ1982 ከፊዚክስ በተወሰደ ዘዴ የነርቮች መረብ ትዝታን እንዴት ሊይዝ እንደሚችል አስረዳ፤ በዚህም ሥራ በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በ2014 አይ.ቢ.ኤም. ትሩኖርዝ የተባለውን ቺፕ አወጣ። በውስጡ አንድ ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ሕዋሳትና 256 ሚሊዮን መገናኛዎች ሲኖሩ፣ በሥራ ላይ የሚፈጀው ኀይል 70 ሚሊዋት ያህል ነበር። ይህም አንድ ዋት የሚወስድ ትንሽ መብራት ከሚፈጀው አንድ ዐሥራ አራተኛ ነው። ኢንቴል በ2024 ያሳየው ሃላ ፖይንት የተባለው መሣሪያ 1,152 ቺፖችን አጣምሮ 1.15 ቢሊዮን ሕዋሳት አሉት፤ ከፍተኛ የኀይል ፍጆታውም 2,600 ዋት ነው። ከአንጎል ጋር ብናስተያየው የአንጎል ሕዋሳት ቍጥር 75 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ፍጆታው ግን ከመቶ ሠላሳ አንድ እጅ ነው። ሰው ሠራሹ ሕዋስ ደግሞ ከተፈጥሮው ይልቅ እጅግ የቀለለ መሆኑን መርሳት አይገባም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በሽቦና በትራንዚስተር የሚሠራ ነው። ሌላው ሐሳብ ከዚህ ይጠልቃል፤ ይኸውም ማንኛውም ቍስ በተፈጥሮ ጠባዩ ሒሳብ ሊሠራልን ይችላል የሚለው ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚገርመን ምሳሌ በ2003 በእንግሊዝ አገር ሁለት ተመራማሪዎች ያደረጉት የባልዲ ሙከራ ነው። «ዜሮ» እና «አንድ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ድምፅ በትንንሽ ሞተሮች አማካይነት ወደ ባልዲ ውሃ አስተላለፉ። ውሃው በየቃሉ የተለያየ ሞገድ አሳየ። የሞገዱን ምስል በካሜራ አንሥተው፣ እጅግ ቀላል የሆነ የመደመርና የማመዛዘን ፕሮግራም ብቻ ተጠቅመው የትኛው ቃል እንደ ሆነ ለዩ።

ውሃው ቃሉን ዐወቀ ማለት አይደለም። ውሃው ያደረገው ነገር ቢኖር፣ በድምፁ ውስጥ ተጣጥፎ የነበረውን ልዩነት በሰፊው ፊቱ ላይ መዘርጋቱ ነው። ባሮ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ታንኳ ያለፈበትንና ድንጋይ የወደቀበትን ሞገድ በቀላሉ እንደሚለይ፣ ፕሮግራሙም የተዘረጋውን ልዩነት በቀላሉ አነበበ። ከባዱን ሥራ ተፈጥሮ ሠራው፤ ለኮምፒዩተሩ የቀረለት ቀላሉ ነው። በአንጎል አምሳል የሚሠራ ግዑዝ ኮምፒዩተር ሲባል መሠረቱ ይህ ነው። ውሃ ዝግተኛ ስለ ሆነ ግን ተመራማሪዎች ፈጣን ሞገድ ፈለጉ። ከብርሃን የፈጠነ ሞገድ ደግሞ የለም።

መ፤ ብርሃን እንዴት ያባዛል፣ እንዴትስ ይደምራል?

የነርቮች መረብ የሚሠራው ሒሳብ ውስብስብ ቢመስልም፣ በመሠረቱ በገበያ የሚሠራው ሒሳብ ነው። አንዲት ሴት ዓሣ፣ በቆሎና ባሚያ ብትሸጥ፣ የእያንዳንዱን ብዛት በዋጋው አባዝታ ሦስቱን ትደምራለች። ሰው ሠራሽ ነርቭም የሚደርሱትን ምልክቶች እያንዳንዳቸውን በየክብደታቸው አባዝቶ ይደምራል፤ ከዚያ በኋላ ድምሩ ከልክ ማለፍ አለማለፉን ይፈርዳል።

አሁን ሦስት መብራቶች አሉን እንበል፤ ብርሃናቸውም 3፣ 2 እና 5 ይሁን። በመጀመሪያው ፊት ግማሹን የሚያሳልፍ ጥቁር መስተዋት፣ በሁለተኛው ፊት ሁሉን የሚያሳልፍ ንጹሕ መስተዋት፣ በሦስተኛው ፊት አንድ አምስተኛውን ብቻ የሚያሳልፍ በጣም የጠቈረ መስተዋት እናቁም። ያለፈው ብርሃን 1.5፣ 2 እና 1 ይሆናል። ሦስቱም በአንድ የብርሃን መለኪያ ላይ ቢያርፉ መለኪያው 4.5 ያሳያል። በዚህ ሥራ ውስጥ ማንም ቁጥር ከመዝገብ ቤት አላመጣም። መስተዋቱ መዝገብም ነው፣ ጸሓፊም ነው። ብርሃኑ በማለፉ ብቻ ተባዛ፤ በአንድ ስፍራ በመገናኘቱ ብቻ ተደመረ።

በዚህ መንገድ መቀነስ ግን አይቻልም፤ ጨለማ የሚጨምር መብራት የለምና። ለመቀነስ የብርሃንን ሞገድነት መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለት ሞገዶች ጫፍና ጫፋቸው ሲገጥም ይበረታሉ፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጐድጓዳ ጋር ሲገጥም ይጠፋፋሉ። ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን መንገድ ጥቂት አዘግይቶ፣ እንደ ገና የሚያገናኝ መሣሪያ ኢንተርፈሮሜትር ይባላል። ዛሬ እነዚህ መሣሪያዎች በሲሊኮን ቺፕ ላይ በአንድነት ይቀረጻሉ፤ የማዘግየቱም ሥራ መንገዱን በጥቂቱ በማሞቅ ይፈጸማል።

በ2017 በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. የሚገኙ ተመራማሪዎች 56 ኢንተርፈሮሜትሮች ያሉበትን ቺፕ ሠርተው አራት አናባቢ ድምፆችን እንዲለይ ሰጡት። ቺፑ ከመቶ 76.7 ያህሉን በትክክል ለየ፤ ተራው ኮምፒዩተር በዚያው ፈተና 91.7 አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በሎስ አንጀለስ የሚገኙ ሌሎች ተመራማሪዎች ስስ ንጣፎችን በማተሚያ አበጅተው በተርታ አቆሙ። በዐይን የማይታይ ጨረር በንጣፎቹ ውስጥ ሲያልፍ፣ በእጅ የተጻፈው ቁጥር የትኛው እንደ ሆነ በመጨረሻው ላይ በሚያርፍበት ስፍራ ታወቀ። በ2019 ደግሞ በጀርመን በሙንስተር የሚመራ ቡድን አራት ሕዋሳትና 60 መገናኛዎች ያሉት፣ እንደ ነርቭ በምት የሚሠራ የብርሃን ቺፕ አወጣ። ትዝታውን የሚይዘው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ቅርጹን የሚለውጥ ቍስ ነው፤ ይህም ተሰርዘው እንደ ገና በሚቀረጹ ዲስኮች ውስጥ የሚገኘው ዐይነት ነው።

ስለ አናባቢዎቹ ሙከራ ጥቂት እናክል። 76.7 የሚለው ቁጥር በላቦራቶሪ ውስጥ ለጅምር ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በተራ ከቆሙ 100 ሰዎች ውስጥ የ23ቱን ቃል አጣሞ መስማት ማለት ነው። ለተመራማሪ ስሕተት በመቶኛ የሚጻፍ ነገር ነው፤ ስሙን ለማስመዝገብ ለተሰለፈ ሰው ግን ስሕተቱ ሙሉ ነው። ሁለተኛም የተሞከሩት አናባቢዎች አራት ብቻ ናቸው። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት። ኑዌርኛ ደግሞ አናባቢን በርዝመቱና ትንፋሽ የተቀላቀለበት በመሆን አለመሆኑ ጭምር ይለያል፤ አንድ ሰው ያንን ልዩነት ካልሰማ ቃሉን ይስታል። ከጀዊ ተማሪ ጥያቄ ሁለተኛው ክፍል መልስ እዚህ ላይ ይጀምራል። መኪናው ኑዌርኛ የማይሰማው ከቋንቋው ጕድለት የተነሣ አይደለም፤ ክብደቶቹን ያስተካከሉለት ሰዎች በሌላ ቋንቋ ድምፅ ስላስተካከሉለት ነው። በሽቦ ምትክ ብርሃን ብናደርግለትም ይህ አይለወጥም።

ሠ፤ ብርሃን በቅንጣት ሲቈጠር

እስካሁን ብርሃንን እንደ ሞገድ ቈጠርነው። ማክስ ፕላንክ በ1900፣ አልበርት አይንስታይን በ1905 እንዳስረዱት ግን ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ይሰጣል፣ በቅንጣቶችም ይወሰዳል። በጀዊ ጣራ ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው፤ አንዱ ፎቶን በሲሊኮኑ ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ነጻ ያወጣል። ፎቶኖቹ እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ በተራ መብራት ቅንጣትነታቸው አይታወቅም። አንድ ዋት አረንጓዴ ብርሃን በአንድ ሴኮንድ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ጊዜ አንድ ቢሊዮን ያህል ፎቶኖች ይሰጣልና። ኳንተም ፎቶኒክስ የሚባለው ጥናት ይህን ጐርፍ ትቶ ፎቶኖችን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ መርቶ፣ ቈጥሮ መሥራት ነው።

ፎቶን አንድ በአንድ ሲያዝ የተለመደው አእምሯችን የማይገምተው ጠባይ ያሳያል። ግማሹን የሚያሳልፍ፣ ግማሹን የሚመልስ መስተዋት እንውሰድ። ሁለት ፎቶኖች ከሁለት ወገን ባንድ ጊዜ ቢደርሱበት፣ እንደ ሳንቲም ውርወራ ቢሆን ኖሮ ከጠቅላላው ግማሽ ጊዜ በየፊናቸው ይወጡ ነበር። በ1987 ሆንግ፣ ኡና ማንደል የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግን ፎቶኖቹ ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ ዘወትር በአንድ ወገን አብረው ይወጣሉ። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። በየፊናቸው የሚወጡባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሲያልፉና ሁለቱም ሲመለሱ። ፎቶኖቹ ስለማይለዩ እነዚህ ሁለት መንገዶች እንደ ሞገድ ይጠፋፋሉ፤ አብሮ መውጣት ብቻ ይቀራል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የአንድ ትልቅ ሥራ መሠረት ሆነ። በ2001 ኒል፣ ላፍላምና ሚልበርን በመስተዋቶች፣ በነጠላ ፎቶን ምንጮችና በመለኪያዎች ብቻ ኳንተም ኮምፒዩተር መሥራት በመርሕ ደረጃ እንደሚቻል አስረዱ። በ2020 በቻይና የተሠራው ጁጃንግ የተባለው መሣሪያ እስከ 76 የሚደርሱ ፎቶኖችን በ100 መንገዶች ላይ አሰራጭቶ፣ ፎቶኖቹ የሚወጡበትን አኳኋን በ200 ሴኮንድ ሰጠ። ሠሪዎቹ ተራ ኮምፒዩተር ይህን ለማስላት እጅግ የማይታሰብ ዘመን ይፈጅበታል ብለው ነበር፤ በኋላ ሌሎች የተሻለ የስሌት ዘዴ አግኝተው ልዩነቱን አጥብበውታል። የተሠራውም ሒሳብ ለኑሮ በቀጥታ የሚጠቅም አይደለም። በ2025 መጀመሪያ በካናዳ የሚገኘው ዛናዱ የተባለው ኩባንያ ኦሮራ የተባለውን መሣሪያ አሳወቀ፤ 35 ቺፖችን በ13 ኪሎ ሜትር የመስተዋት ክር አያይዞ የሚሠራ ነው። ይህ ክር ከጋምቤላ ወደ ጀዊ ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛውን ይበልጣል፤ የሚያሠራው ግን 12 ኪዩቢቶችን ነው።

ጁጃንግም ኦሮራም የሚጠቀሙበት «የታመቀ ብርሃን» የሚባል ነገር አለ። በኳንተም ሕግ መሠረት ብርሃን ከሁለት ጠባዮቹ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ በፍጹም ርግጠኛነት ሊይዝ አይችልም፤ ጥቂት መንቀጥቀጥ የግድ ይኖረዋል። መንቀጥቀጡን ማጥፋት ባይቻልም፣ በአየር የተሞላ አቁማዳ በአንድ ወገን ሲጫኑት በሌላው ወገን እንደሚያብጥ፣ ከማንፈልገው ጠባይ ወደማያስቸግረን ጠባይ መግፋት ይቻላል። የታመቀ ብርሃን ከጠፈር የሚመጣውን የስበት ሞገድ በሚለኩ መሣሪያዎችም ላይ ዛሬ ይሠራበታል።

ሁለቱ ጥናቶች፣ የአንጎል አምሳሉና የኳንተሙ፣ የሚገናኙበትም ስፍራ አለ። በ1971 ሊዮን ቹዋ ቀድሞ ያለፈበትን ኤሌክትሪክ የሚያስታውስ ሜምሪስተር የሚባል ነገር መኖር እንዳለበት በሒሳብ አሳየ፤ በ2008 የኤች.ፒ. ተመራማሪዎች በእጅ የሚዳሰሰውን ሠርተው አቀረቡ። ሜምሪስተር ከሲናፕስ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አለው። በ2022 በቪየና የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንኑ በነጠላ ፎቶኖች አደረጉት። ከሚያልፉት ፎቶኖች ከፊሉን እየለኩ፣ በተገኘው ውጤት የሚቀጥሉትን መንገድ ይለውጣሉ። ስለዚህ መሣሪያው ያለፈውን ያስታውሳል፤ ሳይለካ የሚያልፈው ፎቶን ግን ኳንተማዊ ጠባዩን እንደ ያዘ ይቀጥላል። ይህ ገና የአንድ ሲናፕስ ያህል ነገር ነው፤ መረብ ለመሆን ብዙ ይቀረዋል።

ረ፤ የኢትዮጵያውያን ድርሻ

ይህ ሁሉ የሌሎች አገሮች ወሬ ብቻ መስሎ እንዳይታይ የወገኖቻችንን ሥራ መጥቀስ ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ለብዙ ዓመታት ስለ ብርሃን ኳንተማዊ ጠባይ፣ በተለይም ስለ ታመቀ ብርሃን፣ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። የዚህ ትምህርት መሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ፍስሐ ካሣሁን በ2008 ስለ ኳንተም ብርሃን መሠረታዊ ትምህርት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዶክተር ስንታየሁ ተስፋም በ2020 በስፕሪንገር ማተሚያ ቤት በኩል በዚሁ ጉዳይ ሰፊ መጽሐፍ አውጥተዋል። ዶክተር እዮብ ሰቴ በአሜሪካ ሪጌቲ በተባለው ኩባንያ በኳንተም ኮምፒዩተር ሥራ ላይ ተሰማርተዋል፤ የዚያ ኩባንያ መሣሪያ ግን በብርሃን ሳይሆን እጅግ በቀዘቀዘ የኤሌክትሪክ ዑደት የሚሠራ ነው።

በቺፕ ላይ ብርሃንን በማሠራት ረገድ በይበልጥ የሚታወቁት በኤም.አይ.ቲ. የተማሩት ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ ናቸው። በ2010 ከአይ.ቢ.ኤም. ሁለት የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር፣ ከጀርማኒየም የተሠራና በሲሊኮን ቺፕ ላይ የሚቀመጥ የብርሃን መለኪያ በኔቸር መጽሔት አሳተሙ። መለኪያው በሴኮንድ 40 ቢሊዮን ምልክቶችን ሲቀበል፣ የሚበቃው የኤሌክትሪክ ግፊት 1.5 ቮልት ብቻ ነበር፤ ይህም አንድ የባትሪ ድንጋይ የሚሰጠው ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ተመሳሳይ መለኪያዎች ከ20 ቮልት በላይ ይጠይቁ ነበር። ከላይ በሦስቱ መብራቶች ምሳሌ ድምሩን የሚያነበው «የብርሃን መለኪያ» እንዲህ ያለው መሣሪያ ነው። ዶክተር ሰሎሞን በኋላ በአፍሪካ የሚገኙትን የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ላቦራቶሪዎች መርተዋል።

ከዚህ የምንማረው አለ። የአዲስ አበባው ሥራ ውድ መሣሪያ ሳይኖር በሒሳብ ብቻ ወደ ዓለም ጥናት መድረስ እንደሚቻል ያሳያል። የሌሎቹ ሥራ ደግሞ ሐሳቡን በእጅ ወደሚያዝ ነገር ለመለወጥ ብዙ ሀብት ያለው ላቦራቶሪ ማስፈለጉን ያሳያል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መርሳት ያሳስታል።

ሰ፤ ያልተፈቱ ችግሮች

የብርሃን ኮምፒዩተር ዛሬ ነገ በየቤቱ ይገባል ለማለት አንደፍርም። አንደኛ፣ ፎቶኖች እርስ በርሳቸው አይነካኩም፤ ይህ መልእክት ለማድረስ ጥሩ ሲሆን፣ «ድምሩ ከልክ አለፈ ወይስ አላለፈም?» ብሎ ለመፍረድ ግን እንቅፋት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ መመለስ ግድ ይሆናል፤ በዚህም የተቆጠበው ኀይል ከፊሉ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በመስተዋት ጥቍረት የሚባዛ ቁጥር እንደ አኃዝ ርግጠኛ አይደለም፤ ሙቀት ሲለወጥ ክብደቱም ጥቂት ይለወጣል። በጋምቤላ ቆላ ለሚሠራ መሣሪያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ በኳንተሙ ሥራ አንድ ፎቶን በመንገድ ከጠፋ የያዘው ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ነጠላ ፎቶንን በደንብ የሚቈጥሩት መለኪያዎችም ከፍጹም ቅዝቃዜ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብለው መቀመጥ አለባቸው።

ከዚህ የተነሣ ለጀዊ ኳንተም ኮምፒዩተር ይመጣል ብሎ ተስፋ መስጠት ሐሰት ይሆናል። በአንጎል አምሳል የሚሠሩት ኀይል ቆጣቢ ቺፖች ግን ከዚህ ይለያሉ። በአንድ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የሚነዳ፣ ከሩቅ አገር ኮምፒዩተር ጋር ሳይገናኝ ቃል የሚሰማና ምስል የሚለይ መሣሪያ የሚቻል ነገር ነው። «ስልኩ የሚያስበው የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ «እዚሁ በእጅህ ላይ» የሚል መልስ ሊሰጥ የሚችለው እንዲህ ያለው መሣሪያ ነው። ይህም ለጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ለመብትም ነው። የጠፋ ወረቀት በሌላ ወረቀት ይተካል፤ የዐይን ምስልና የድምፅ ጠባይ ግን አንድ ጊዜ ወደማይፈለግ እጅ ከገቡ አይተኩም። ሒሳቡ በባለቤቱ እጅ ላይ ሲሠራ ምስሉና ድምፁ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ሸ፤ መደምደሚያ

ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን እንዲያስቡባቸው ሦስት ነገሮች እናቀርባለን።

አንደኛው፣ የባልዲውን ሙከራ እዚሁ መድገም ነው። አንድ ሳፋ ውሃ፣ አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ የስልክ መብራትና የስልክ ካሜራ ይበቃሉ። ሙከራው በኑዌርኛና በአኙዋክኛ ረጅምና አጭር አናባቢዎች ቢደረግ፣ ውጤቱ ባይሳካ እንኳ ያልተሳካበት ምክንያት ራሱ ጥናት ይሆናል።

ሁለተኛው፣ የፊዚክስና የቋንቋ ተማሪዎች አብረው እንዲሠሩ ነው። የብርሃን ቺፕ ሊገዛልን ባይችልም ሒሳቡ በተራ ኮምፒዩተር ሊመሰል ይችላል። የጐደለው የድምፁ መዝገብ ነው፤ እርሱንም ሊሰበስበው የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ድምፁ የሚቀዳው ግን ባለቤቱ ለምን እንደሚቀዳ ተረድቶ፣ እምቢ የማለትም መብት ኖሮት ሲፈቅድ ይሁን።

ሦስተኛው፣ የሒሳብና የኳንተም ትምህርት ለኑሮ አይረባም የሚለውን አስተያየት ለመተው ነው። በ1905 ስለ ፎቶን የተጻፈው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ማንንም አላበራም። ዛሬ ግን በጀዊ ማታ ልጆች የሚያጠኑበት የፀሐይ ፋኖስ ከዚያ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ከዛሬው ጥናት የትኛው ክፍል እንዲህ እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም፤ ነገር ግን ቋንቋችን በውስጡ ይኑር ወይም አይኑር የሚለው በአሁኑ ጊዜ በምንሠራው ሥራ ይወሰናል።

ለጠየቀን ተማሪም መልሳችን ይህ ነው። ስልክህ የሚያስበው በሩቅ አገር ነው፤ እዚህ እንዲያስብ የሚደረግበት መንገድ ግን ተጀምሯል። ቋንቋህን እንዲሰማ ግን የሚያስተምረው ብርሃን አይደለም፤ አንተና ጓደኞችህ ናችሁ።